አሮጌ ጀልባ ላይ ያገለገለ ሞተር፦ ምን ታይቶ ይገዛል? እንዴትስ ይገጠማል?

ባሕር ዳር፣ የጀልባ መነሻው ላይ ስለ ሞተር ወሬ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፈረስ ነው?» የሚል ነው። ቀጥሎ «በስንት ገዛኸው?» ይመጣል። ስለ ጀልባው የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

አንድ ወዳጄ ያገለገለ 40 ፈረስ ሞተር ገዝቶ የቆየ የፋይበርግላስ ጀልባው ላይ ሰቀለ። ሻጩ አልዋሸውም። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ጣና ላይ ሲወጣ ግን ጀልባው አልሄድ አለ። ሞተሩ ያጓራል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላው በየሁለት ቀኑ ይጠቁራል። ሦስት ጊዜ መካኒክ ጋ ወሰደው። ሦስት ጊዜም «ሞተሩ ምንም የለውም» ተባለ። እውነትም ምንም አልነበረውም። ሞተሩ ከጀልባው ጋር አልተስማማም፤ ከሐይቁም ጋር አልተስማማም። ነገሩ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው በእሱ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ያሳዝናል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ እዚያ ጀልባ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አውትቦርድ የሚባለው የትኛው ሞተር ነው?

አንዳንድ ሞተር ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተከላል። አውትቦርድ ግን ከጀልባው ጀርባ፣ ውጭ በኩል የሚንጠለጠለው ነው። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለ የኖርዌይ ተወላጅ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1909 መሸጥ ከጀመረ ወዲህ አጠቃላይ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም። ከላይ ክዳን የለበሰው ሞተሩ አለ። ከሥሩ ረጅም እግር ይወርዳል። እግሩ ጫፍ ላይ ካምቢዮው አለ፣ ከካምቢዮው ጀርባ ደግሞ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለሩ።

ከመኪና ሞተር በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ሐይቁን እየጠጣ ነው። እግሩ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል የጎማ ክንፍ አለ። እሱ ሲዞር ከታች ውሃ ይስባል፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃው ሞተሩን ዞሮ ይወጣል። ከጀርባ በኩል እንደ ቧንቧ ሳያቋርጥ የሚፈስ ቀጭን ውሃ አይታችሁ ይሆናል። ፓምፑ እየሠራ መሆኑን የሚናገረው ምልክት እሱ ነው።

ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪው ለዘመናት የኖረው ከደንገል በሚሠራው ታንኳ ነው። ሞተርና የናይለን መረብ በሰፊው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረው የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ጎብኚና ተሳላሚ የሚያመላልሱት ጀልባዎችም በሞተር የሚሄዱ ሆኑ። ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ጀልባው ከሞተሩ በላይ ይኖራልና በየጊዜው ያገለገለ ሞተር መፈለግ የግድ ነው።

የምገዛው ሞተር ነው፤ ስለ ጀልባው ለምን ልጨነቅ?

ሞተሩ የሚያርፈው ከጀልባው ጀርባ በቆመው ወፍራም ግድግዳ ላይ ነው። የኋላ ሳንቃ እንበለው። ሳንቃው የሚሸከመው ክብደት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በዲጅኖ ድንጋይ ሲፈነቀል አስቡት። ሰውየው የዲጅኖውን ጫፍ በትንሹ ሲገፋ ድንጋዩ ይነሣል። የሞተሩ እግርም እንደ ዲጅኖው ነው። ፕሮፔለሩ ከታች ይገፋል፣ ግፊቱ በእግሩ ወጥቶ ሳንቃውን ይጠመዝዘዋል። ማዕበል ላይ ጀልባው በዘለለ ቁጥር ይህ ይደጋገማል።

የፋይበርግላስ ጀልባ ሳንቃ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። ውጩ ይነጣል፣ ያብረቀርቃል። ውስጡ ግን በድሮ የብሎን ቀዳዳዎች በኩል ለዓመታት ውሃ ጠጥቶ በስብሶ ሊሆን ይችላል። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። በጆሮ ግን ይሰማል። በመዶሻ እጀታ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው እንደ እርጥብ ጆንያ ነው፤ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ የድሮውን ሞተር እግር ወደ ላይ አንሥታችሁ፣ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ታች ጫን አድርጉት። ሌላ ሰው ሳንቃውን ይመልከት። ሳንቃው ከተነቃነቀ ወይም ጥጉ ላይ ስንጥቅ ከከፈተ የሞተር ግዢው ይቆይ። ጥርጣሬ ካለ ከውስጥ በኩል በቀጭን መሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ማውጣት ነው። የሚወጣው ፍቅፋቂ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደህና። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ሳንቃው ተለውጦ ነው ሞተር የሚሰቀለው። ቀዳዳው ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ ይደፈናል።

የብረት ጀልባ ከሆነ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ሳንቃው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ውሃ ይተኛል። እዚያ ቀለሙን ፍቆ በሹል ብረት መሞከር ይበቃል።

ሳንቃው ደህና ከሆነ ቀጥሎ ሜትር ይያዛል። ሞተሩ ከሚያርፍበት ከሳንቃው ጫፍ እስከ ጀልባው ሆድ ታችኛ ጠርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የሞተር እግር በልክ ይመጣል። አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ረጅሙ 51፣ ከሱም የሚረዝመው 64 ገደማ ለሚሆን ሳንቃ የተሠራ ነው። እኛ አገር ተበይዶ የተሠራ ጀልባ ብዙ ጊዜ ከነዚህ ልኮች መሐል ይውላል። እግሩ ካጠረ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፣ ፓምፑም አየር ይስባል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ከረዘመ ውሃ ውስጥ እንደ ማረሻ ይጎተታል፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻም ድንጋይ ይመታል። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አይዘልም፤ ዳር ዳሩ ደግሞ በጣም ጥልቀት የለውም። እግሩ ትንሽ ከረዘመ ሳንቃው ላይ ጠንካራ እንጨት ወይም ብረት ጨምሮ ከፍ ማድረግ ይቻላል። አጭር ሞተር ለማስገባት ብሎ ሳንቃውን መቁረጥ ግን አደገኛ ነው። ጀርባው ዝቅ ያለ ጀልባ ከኋላ የሚመጣን ማዕበል በቀጥታ ያስገባል።

የያማሃ ሞተር ከሆነ ከሞዴል ስሙ ብዙ ይነበባል። መጨረሻ ላይ «ኤል» ካለ እግሩ ረጅም ነው፣ «ኤስ» ካለ አጭር። «ኤም» በገመድ የሚነሣ ነው፣ «ኤች» በእጅ መሪ የሚነዳ። ከፊት «ኤፍ» ካለ ባለ አራት ምት ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ከታች እናየዋለን።

ስንት ፈረስ ይበቃኛል?

ብዙ ሰው «ፈረሱ በበዛ ቁጥር ይፈጥናል» ይላል። ለቀላል፣ ሆዱ ዝርግ ለሆነ ጀልባ እውነት ነው። እንዲህ ያለው ጉልበት ሲያገኝ ከውሃው ላይ ወጥቶ ይንሸራተታል።

ሆዱ ክብ የሆነና ሰው የሞላበት ከባድ ጀልባ ግን ውሃውን እየቀደደ ነው የሚሄደው። በሄደ ቁጥር ከፊቱ ማዕበል ያቆማል። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ራሱ የሠራውን ማዕበል እንደ ዳገት መውጣት አለበት። ለዚህ ቀላል ስሌት አለ። ውሃው ላይ ያረፈውን የጀልባውን ርዝመት በሜትር ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ4.5 አባዙ። ውጤቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። የ9 ሜትር ጀልባ 13.5 ገደማ ይሄዳል፣ የ7 ሜትሩ 12 ገደማ። ከዚያ በላይ ሞተሩን እጥፍ ብታደርጉት የሚጨምረው ቤንዚኑ ነው፤ ፍጥነቱ ብዙ አይጨምርም። ጀርባው ደግሞ በክብደቱ ወደ ታች ይሰምጣል።

ስለዚህ ለከባድ ጀልባ ትልቅ ሞተር የሚያስፈልገው ለፍጥነት አይደለም። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስና ማዕበል ሲገጥም የሚቀር ጉልበት እንዲኖር ነው። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው። ከሰዓት ግን ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ያንን ከሰዓት አስቦ መግዛት ነው። ጀልባው ላይ ከፍተኛውን የፈረስ ጉልበትና ጭነት የሚናገር ሰሌዳ ካለ ግን እሱ አይታለፍም።

ጣና ላይ ሞተር ለምን ይደክማል?

የወዳጄ ዋና ችግር እዚህ ነበር። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም። አየርም ይበላል። ቤንዚኑ የሚነደው በአየር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሲሊንደሩ በአንድ ጉርሻ የሚያገኘው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው ያንሳል።

መካኒኮች የሚጠቀሙበት ግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል የሚል ነው። ጣና ላይ ሲሰላ ወደ 18 በመቶ ይደርሳል። ክዳኑ ላይ 40 ተብሎ የተጻፈው ሞተር ጣና ላይ 33 ገደማ ነው። 15ቱ ከ12 ብዙም አይበልጥም። ሐዋሳ ሐይቅ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነውና ብዙ አይለይም። አርባ ምንጭ አጠገብ ያለው ጫሞ 1,110 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያ የሚጠፋው 11 በመቶ ገደማ ነው። ጋምቤላ ባሮ ላይ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። አንድ ሞተር ጋምቤላ ላይ ጎበዝ ነው ስለተባለ ጣና ላይም ያው ይሆናል ማለት አይደለም።

ነገሩ በጉልበት ብቻ አያበቃም። ካርቡራቶሩ የተሠራው ለባሕር ወለል አየር ነው። ስስ አየር ሲገባም የሚያፈሰው ቤንዚን ያው ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል። ወጥ ላይ ጨው እንደበዛበት ማለት ነው። ያልነደደው ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። የወዳጄ ካንዴላ የሚጠቁረው ለዚህ ነበር። መፍትሔው የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ፣ ጄት የሚባለውን ትንሽ የነሐስ ቁራጭ፣ ጠበብ ባለ መለወጥ ነው። ለየትኛው ከፍታ የትኛው ልክ እንደሚሆን የአምራቹ መመሪያ ይናገራል። ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። የጠፋውን ጉልበት ግን እነሱም አይመልሱም።

ባለ ሁለት ምት ይሻላል ወይስ ባለ አራት ምት?

ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ደባልቆ ያቃጥላል። ቫልቭ የለውም፣ አሠራሩ ቀላል ነው። ክብደቱም ያንሳል፤ የ15 ፈረሱን ሁለት ሰው ሳይቸገር ያነሣዋል። ቤንዚን ግን ይበላል፣ ይጮኻል፣ ዘይትም ሐይቁ ላይ ይተፋል። አሜሪካና አውሮፓ በጭስ ሕግ ምክንያት ይህን ዓይነቱን ባለ ካርቡራቶር ሞተር አዲስ ሆኖ እንዳይሸጥ አድርገዋል። ባለ አራት ምቱ ዘይቱን እንደ መኪና ለብቻው ይይዛል። ጸጥ ያለ ነው፣ ቤንዚን ይቆጥባል። ግን ይከብዳል፣ ሲበላሽም ያልለመደ እጅ አይጠግነውም።

የእኔ ምክር፦ አካባቢያችሁ ያለ መካኒክ የሚያውቀውን፣ ዕቃውም ከተማው ውስጥ የሚገኘውን ግዙ። ጀልባው አሮጌ ከሆነ ክብደቱንም አስቡ። ለባለ ሁለት ምት ሞተር ተብሎ የተሠራ ጀልባ ጀርባ ላይ ተጨማሪ 15 ወይም 20 ኪሎ መጫን ቀላል አይደለም።

ስለ ድብልቁ አንድ ነገር። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች 50 ለ1 ይጠይቃሉ። ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ዘይቱ የውሃ ሞተር ዘይት መሆን አለበት። ጣሳው ላይ «ቲሲ-ደብሊው 3» የሚል ምልክት ይፈለግ። የመኪና ዘይት ሲነድ አመድ ይተዋል፣ አመዱም ፒስተኑን ይበላል። «ትንሽ ይብዛለት፣ ይጠቅመዋል» የሚባለውም አይሠራም። ቀድሞ የሚጠቁረው ካንዴላው ነው።

ሻጩ ጋ ስሄድ ምን ልይ?

ከመሄዳችሁ በፊት ለሻጩ አንድ ነገር ንገሩት። «ሳልመጣ እንዳታስነሣው።» ያገለገለ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሣ ነው። ደርሳችሁ ክዳኑ ከሞቀ ለምን እንደሞቀ ጠይቁ።

ክዳኑን አንሡ። ሞተሩ ከባሕር የመጣ ከሆነ፣ ከቀይ ባሕርም ይሁን ከባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ጨው ምልክት ይተዋል። በብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት፣ የተነፋ ቀለም፣ የተነካከሰ አሉሚኒየም። ጨው የውሃ መንገዶቹንም ከውስጥ ይደፍናል። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ እዚሁ የኖረ ሞተር በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። የሲሊንደሩ ራስ አካባቢ ቀለሙ ተቃጥሎ ከሆነ ሞተሩ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። ክዳኑ ሥር ደረቅ ጭቃ ካገኛችሁ ደግሞ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ ያውቃል። እሱን ተውት።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ነው። ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨምቅ መለካት ማለት ነው። ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጥቶ፣ ሽቦዎቻቸውን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝቶ፣ መለኪያውን ካንዴላው ቀዳዳ ላይ ማሰር ነው። ጋዙን፣ ማለትም የፍጥነት መስጫውን፣ ሙሉ ከፍቶ የማስነሻ ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ መሳብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስስ አየር ሲጨመቅም መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚያሳየው። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ባሕር ዳር ላይ ያንን ቁጥር ያልሰጠ ሞተር ሁሉ የሞተ አይደለም። መታየት ያለበት የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ፣ አነስተኛውን ያሳየው ሲሊንደር ታሟል።

ከዚያ ወደ እግሩ ውረዱ። ካምቢዮው ታች ላይ የዘይት መክፈቻ ብሎን አለ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ትንሽ ላላ አድርጉትና ጥቂት ጠብታ ጣታችሁ ላይ አድርጉ። ጥቁር ዘይት ያረጀ ነው፣ ይለወጣል፣ ችግር የለም። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ የዘይት መያዣው ጎማ አልቋል። የሚያብረቀርቅ የብረት ፍንካች ካለው ማርሾቹ እየተበሉ ነው። የዚያ ጥገና ከባድ ወጪ ነው። ማርሹን ነፃ ላይ አድርጋችሁ ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩ፤ ዘንጉ እየተወላገደ ከዞረ ድንጋይ መቶ ጎብጧል።

አሁን ይነሣ። ግን ደረቅ ላይ አይደለም። ኢምፔለሩ የሚቀባው በውሃው ነው። ያለ ውሃ ከተነሣ በጥቂት ሴኮንዶች መቃጠል ይጀምራል። ትልቅ በርሜል ውሃ ሞልቶ እግሩን እዚያ መንከር ይበቃል። ከጀርባው ቀጭኑ ውሃ በጥንካሬ መፍሰስ አለበት። እጅ ላይ ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም። ወደፊት፣ ነፃ፣ ወደኋላ፤ ማርሹ በደንብ መግባት አለበት። ከተቻለ ግን በርሜሉ ብቻ አይብቃችሁ። ሐይቅ ላይ ጭነት ይዞ ሩብ ሰዓት ይነዳ። ብዙ በሽታ የሚወጣው ሞተሩ ሲሞቅና ሲጫንበት ነው።

በሁሉም ደስ ካላችሁም የኢምፔለሩን ዋጋ ከሒሳቡ አትተዉ። ያገለገለ ሞተር በተገዛ ቀን ኢምፔለሩ፣ የካምቢዮው ዘይትና ካንዴላዎቹ ይለወጣሉ። ሻጩ «ባለፈው ወር ነው የለወጥኩት» ቢላችሁም።

እንዴት ነው የሚገጠመው?

ሁለት ወይም ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ጀልባው መሬት ላይ ይሁን። ውሃ ላይ ሞተር ሲሰቅሉ ሐይቁ ውስጥ የጣሉ ሰዎች አሉ።

የሳንቃው መሐል በትክክል ተለክቶ በእርሳስ ይሰመር። ሞተሩ እዚያ ላይ ያርፋል። ከፕሮፔለሩ በላይ አንድ ጠፍጣፋ ክንፍ አለ። እሱን እዩት። ቀጥ ያለ እንጨት ከጀልባው ሆድ ሥር ወደ ኋላ ስትዘረጉ ክንፉ ከእንጨቱ ጋር እኩል ወይም ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መዋል አለበት። ይህ ክንፍ ለፕሮፔለሩ እንደ ጣሪያ ነው። ከውሃው ወለል አየር እንዳይስብ ይከልለዋል። የወዳጄ ሞተር አራት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። በዞረ ቁጥር ሞተሩ ድንገት የሚጮኸውና ጀልባው የሚቆመው ፕሮፔለሩ አየር ስለሚነክስ ነበር።

ትናንሽ ሞተሮች በእጅ የሚጠብቁ ሁለት መቆንጠጫ አላቸው። እነሱ ለብቻቸው አይታመኑም። በንዝረት ይላላሉ። ሞተሩ ላይ የተዘጋጁ ቀዳዳዎች አሉ፤ በነሱ በኩል ሳንቃውን አልፎ የሚወጣ የማይዝግ ብሎን ይግባ። ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ ወይም የብረት ሳህን፣ ከዚያ የማይላላ ዳዶ። ሳንቃው ኮምፔንሳቶ ካለው አዲሱ ቀዳዳ ለቀጣዩ ብስባሽ በር ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ በስቶ፣ በኢፖክሲ ሞልቶ፣ ሲደርቅ በልኩ መልሶ መብሳት ይሻላል። እንጨቱ ብሎኑን ጨርሶ አይነካውም። ብሎኑ ሲገባም ለጀልባ በተሠራ ማሸጊያ ይከበብ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሳንቃውን ግን ለዓመታት ያኖረዋል። በመጨረሻ ሞተሩ ከጀልባው ጋር በሰንሰለት ይታሰር።

ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ያለውን ግራጫ የብረት ቁራጭም ተመልከቱ። ሌላው አካል እንዳይበላ እሱ ቀድሞ እንዲበላ የተቀመጠ መሥዋዕት ነው። ከባሕር የመጣ ሞተር ብዙ ጊዜ የዚንክ ቁራጭ ይዞ ይመጣል። ዚንክ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ሥራውን በደንብ አይሠራም። ለጣና የማግኒዥየም ወይም የአሉሚኒየሙ ነው የሚሆነው፤ በተለይ ጀልባው ብረት ከሆነ።

የቤንዚን ጎማው አዲስ ይሁን። መሐሉ ላይ በእጅ የሚጨመቀው ኳስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይጨመር። ጀሪካን ለጀሪካን ሲገለበጥ የኖረ ቤንዚን ውስጥ ውሃና ቆሻሻ አይጠፋም። ቀዩ የማጥፊያ ገመድ፣ ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው፣ ካልሠራ ጀልባው ከመሬት አይነሣ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ነጂው የወደቀበት ጀልባ ብቻውን እየዞረ ወደ ሰውየው ሊመለስ ይችላል።

ፕሮፔለሩ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

ለምሳሌ 11 እና 13 ተጽፎ ይሆናል። በኢንች ነው። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን፣ ስንት ኢንች ወደፊት መሄድ እንዳለበት ይናገራል። 13 ኢንች 33 ሴንቲ ሜትር ነው።

እናስላው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። ካምቢዮው በግማሽ ገደማ ይቀንሰውና ፕሮፔለሩ 2,500 ይዞራል። 2,500 ሲባዛ በ33 ሴንቲ ሜትር በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። የወዳጄ ጀልባ ግን 7 ሜትር የሆነ ከባድ ጀልባ ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር ነው አቅሙ። ፕሮፔለሩ ለሚበር ጀልባ የተሠራ ነበር። ሰው የሞላ ባጃጅ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ማለት ነው። ሞተሩ ይጨነቃል፣ ይግላል፣ ወደሚገባው ዙር አይደርስም።

ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ይህን ለማወቅ የካንዴላው ሽቦ ላይ የሚጠመጠም ርካሽ ዙር ቆጣሪ ይበቃል። ጀልባው የተለመደ ጭነቱን ይዞ፣ ጋዙ ሙሉ ተከፍቶ ይነበብ። የእሱ ሞተር ከ4,500 እስከ 5,500 መድረስ ነበረበት፤ 4,200 ላይ ቆሞ ነበር። ፒቹ ከ13 ወደ 10 ወረደ፣ ሞተሩ አራት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ፣ ጄቱ ተቀየረ። 4,900 ደረሰ። ጀልባው አልበረረም። ጭሱ ግን ጠፋ፣ ማዕበል ላይም ይገፋል።

እምቦጩስ?

እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ የሚታወቀው የውሃ አረም፣ እምቦጭ፣ ለሞተር ሁለት ጠላትነት አለው። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ይህ ይታያል። ሁለተኛው አይታይም። እግሩ ጎን ያለውን የውሃ መግቢያ ወንፊት ይሸፍናል፣ ሞተሩም ተጠምቶ ይግላል። ስለዚህ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሚነዳ ሰው ዓይኑ ከቀጭኑ ውሃ አይራቅ። ፍሰቱ ከሳሳ ወዲያው ጋዙን መቀነስ፣ ትንሽ ወደኋላ ማርሽ መንዳት። ብዙ ጊዜ ሥሩ በራሱ ይፈታል። ካልተፈታ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የማጥፊያው ገመድ ተነቅሎ፣ እግሩ ተነሥቶ ነው በእጅ የሚጸዳው። ሞተር እየሠራ ወደ ፕሮፔለር እጅ አይሰደድም።

ጀልባው ውስጥ ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ትርፍ ኢምፔለር፣ ስለታም ቢላዋና ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት ይኑር። ሁለት መቅዘፊያም።